የወጌሻው ሚስት ሽምደዳ

ባለቤቴ ወጌሻ ነው፤ የተሰበረ ይጠግናል፣ የወለቀ ይመልሳል፣ ወለም ያለውን ያሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ከአፉ የወጣው ቃል ተሰብስቦ ቢጻፍ አንድ ደብተር አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ግማሽ ቀን ዝም ካልኩ ጎረቤት ምን ነካት ብሎ በር ያንኳኳል።

የምንበላው ግን ከዚሁ አለመመሳሰላችን ነው። የምንሠራበት ክፍል በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ ውስጡ አንድ አግዳሚ፣ አንድ የኔ ወንበር፣ አንድ ዝቅ ያለ በርጩማ፣ በልክ በልኩ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ አንድ ካርቶን ፋሻና አንድ ትልቅ ጣሳ ቫዝሊን አለ። ትከሻው የወለቀ ሰው ሲመጣ ባለቤቴ በርጩማው ላይ ከጎኑ ይቀመጣል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ወንበሬን ስቤ ወሬ እጀምራለሁ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ከደረጃ ወድቄ።»

«ማን ገፋህ?»

«ኧረ ማንም አልገፋኝም።»

«ሚስትህ ናት ሲባል ሰማሁ እኮ።»

ሰውዬው «ምን?» ብሎ አፉን ሲከፍት ባለቤቴ ይስባል። የጀመረው ስድብ መንገድ ላይ ጩኸት ይሆናል፤ ጩኸቱ ሳያልቅ አጥንቱ ቤቱ ገብቷል። ሰው ሚስቱን ሲያስብ ትከሻውን ይረሳል። ስለዚህ ከሥራው ግማሹ የኔ አፍ ነው እላለሁ። ባለቤቴ ይህን ሰምቶ አይደለም ብሎ አያውቅም፤ ነው ብሎም አያውቅም።

እንዲህ እየኖርን ሳለ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከወዲያኛው ሰፈር አንድ ወጌሻ ነኝ ባይ የአንዲት ሴት እግር አጣሞ አስሮ ኖሮ ሴትዮዋ አንካሳ ሆነች፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ መዘዙ ለሁሉም ተረፈ። ማንኛውም ወጌሻ በአራት ወር ውስጥ የሁለት መቶ ስድስቱን የሰው አጥንቶች ስም በቃሉ አጥንቶ ይፈተናል። ያለፈ ፈቃድ ያገኛል። የወደቀ ሕመምተኛ አይነካም፤ ነክቶ ከተገኘ ቤቱ ይታሸጋል። ረዳቶችም ከፈለጉ መፈተን ይችላሉ።

ባለቤቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈና ከቫዝሊኑ ጣሳ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ያሸው ወደነበረው የሰፈሩ ዘበኛ ቁርጭምጭሚት ተመለሰ። አንድ ጊዜ ብቻ እጁ መሐል ላይ ቆመ። የዚህን ሰው እጅ ሥራ ላይ ሲቆም አይቼ አላውቅም ነበርና እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሰው ሲጨብጥ እንኳ የሚጨብጠው ለሰላምታ አይደለም፣ ለምርመራ ነው። እጁን ቢከለክሉት ከሱ ምን ይተርፋል? እሱ አፍ የለው፣ እኔ ሁለት ሰው የሚሆን አፍ ይዤ ምን አደርግለታለሁ?

ሌላ ከተማ ነርስ የሆነችው ልጃችን ስሞቹ የተጻፉበት ትልቅ የአጥንት ሥዕል ላከችልን። ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ከምሳ በኋላ ሰው ሲሳሳ ማስተማር ጀመርኩ።

«ይሄ ማነው?» በማማሰያ ጉልበቱን እያሳየሁት።

«የጉልበት ሎሚ።»

«ፓቴላ ነው የሚባለው። ፓቴላ በል።»

«ሎሚ ምን አጠፋ?»

«ጽሕፈት ቤቱ ሎሚ አያውቅም! እሺ፣ እነዚህ የጆሮዎቹስ? ማሌየስ፣ ኢንከስ፣ ስቴፒስ።»

«በጆሮ አጥንቱ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እኔ አይቻለሁ። ካገባሁህ ጀምሮ ሦስቱም ተሰብረውብሃል።»

አንድ ወር እንዲህ ሄደ። ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት ይረሳል። አንድ ቀን ግን በራችን ላይ የምታልፈውን ልብስ ሰፊ አይቶ «የግራ የአንገት አጥንቷ አሁንም ትንሽ ጎበጥ ብሏል» ሲል ነገሩ ገባኝ። ይህ ሰው የሰው ስም አያስታውስም፤ የሰው አጥንት ነው የሚያስታውሰው። እንግዲያው ለምን ስሙን እሰዎቹ ላይ አንጠለጥልለትም? ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ክላቪክል ሆነች። ዘበኛው በቁርጭምጭሚቱ ፊቡላ፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት በክንዱ ራዲየስ፣ የጣውላ ነጋዴው በጭኑ ፌሙር። ሰፈሩ ሁሉ በስሙ ተጠራ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ «ክላቪክል ሱሪዬን አጥብባ ጨርሳ ይሆን?» ማለት ጀመረ፤ ለሱ ረጅም ንግግር ነው።

ችግሩ ማንም ያልሰበራቸው አጥንቶች ነበሩ። እነሱን ለዘመዶቻችን አከፋፈልኳቸው። ከተወለደ ጀምሮ ተቀምጦ የሚበላው ወንድሜ የመቀመጫውን ጫፍ፣ ኮክሲክስን ወሰደ። ማንዲብልን፣ ማለት የታችኛውን መንጋጋ፣ ለባለቤቴ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰጠኋቸው። ልጃቸው ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ግን አልረሳውም።

በዚህ መካከል ሳላስበው እኔ ሁሉንም ሸምድጄዋለሁ። ስጥል ሳነሳ፣ ስጠርግ ሳጥብ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኬትረም፣ ፒሲፎርም እላለሁ። በሕይወቴ አንድ ሰው ጣት እንኳ ጎትቼ አላውቅም፤ ስሙን ጠይቁኝ ብቻ። ረዳትም መፈተን ይችላል ስላሉ ግማሹን በቀልድ ተመዘገብኩ።

«እንዳትደነግጥ አብሬህ ልግባ» አልኩት።

«ግቢ» አለኝ።

የፈተናው ቀን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከብረት ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አፅም ጠበቀን። አርባ አጥንቶቹ ላይ ቁጥር ተለጥፏል። አንድ ሰው ብቻውን ይገባል፣ ሃያ ደቂቃ ይሰጠዋል፣ የቁጥሮቹን ስም ወረቀት ላይ ይሞላል። አንዲት ወጣት ፈታኝ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሰዓት ትይዛለች። ቀድሜ ገባሁ። በአሥራ አራት ደቂቃ ጨርሼ፣ የተረፈችኝን ስድስት ደቂቃ ልጅቷን ምን ያህል እንደምትከፈል ስጠይቃት ዝም በይ ተብዬ ወጣሁ።

ቀጥሎ ባለቤቴ ገባ። የበሩ መስታወት ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ አየዋለሁ። አፅሙን አንድ ጊዜ ዞረው። ደህና። ወረቀቱን አነሳ። በጣም ደህና። ከዚያ ሊጽፍ ሲል ዓይኑ ወደ እግሮቹ ወረደ፣ ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠ፣ ተንበረከከ። በጣቱ ቅልጥሙን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ከኪሱ ሳንቲም አወጣና የጉልበቱን ብሎን መፍታት ጀመረ።

«አባት! ምን እያደረጉ ነው?» አለች ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንዱን እግር ከጉልበት በታች ነቀለው፤ ሌላውንም ነቀለው። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስተኝቶ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛውሮ መልሶ መግጠም ያዘ። ልጅቷ ትጮሃለች፣ እኔ በሩን እደበድባለሁ፣ እሱ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞረ ይሞክራል። የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ ሃያው ደቂቃ አለቀ። ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል አልነበረም።

«ምን ነካህ አንተ ሰው?» አልኩት ውጭ ስንወጣ።

«ቅልጥሙ ተለዋውጦ ነበር። በውጭ በኩል መሆን ያለበት ፊቡላ ወደ ውስጥ ዞሯል።»

«ፕላስቲክ እኮ ነው!»

«ቢሆንስ?»

ተናድጄ እስከ ቤታችን አላናገርኩትም፤ እሱ ግን መቼም ዝም አይነቅዝምና ልዩነቱን ያወቀው አይመስለኝም።

ውጤት ሲመጣ እኔ ከአርባ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ትራፒዚየምን ከትራፒዞይድ አምታትቼ። እሱ ዜሮ፤ ከሥሩ በቀይ «የፈተና ዕቃ ነካክተዋል» ተብሎ ተጽፎበታል። አፅሙ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያልፍበትና ሲወድቅበት የኖረ ነው አሉ። መለዋወጡን ማንም አላየውም። እኔም ሃያ ደቂቃ ተፈቅዶልኝ አላየሁትም፤ ግን አለፍኩ። ድጋሚ ፈተና ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ፈቃዱ ፎቶዬ ተለጥፎበት መጣ፤ ፊቴ የተሰረቀ ዕቃ እንደገዛ ሰው ፊት ሆኗል። ባለቤቴ ራሱ ሚስማር መትቶ ሰቀለው፤ ራቅ ብሎ አየውና ተመልሶ አቃናው። ከዚያ ሥራችንን እንደ ድሮው ቀጠልን። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ አወራለሁ፣ እሱ ይስባል። ሰዉ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ዓይናችንን በጨው አጥበን ሠራን።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ፋይል በብብቱ የያዘ፣ ጨዋ ወጣት ነው። ፈቃዱን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። ሊሄድ ሲል አንድ ጫኝና አውራጅ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ ላቡ እየወረደ ገባ። ትከሻው ወልቋል።

«ጥሩ» አለ ተቆጣጣሪው አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ። «ሲሠሩ ልይ። አባት፣ እርስዎ ራቅ ይበሉልኝ። እጅዎ እንዳይነካ።»

ባለቤቴ ሄዶ የኔ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተታቸው።

ቀርቤ የሰውዬውን ትከሻ ያዝኩ። ስካፑላ፣ ሁመረስ፣ ክላቪክል፣ ሁሉም አፌ ውስጥ ተሰልፈዋል። እጄ ሥር ያለው ግን ሥጋ ነው፤ የሞቀ፣ የሚንቀጠቀጥ የሰው ሥጋ። የቱ ጋ ነው የቱ? ልሳሳት፣ ሰውዬውንም እንደዚያች ሴት አካል ጉዳተኛ ላደርገው፣ ቤታችንም ሊታሸግ ነው። የምናገረውም ጠፋኝ። እኔ! የምናገረው!

«አክሮሚየንን ፈልጊ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ተቆጣጣሪው መስሎኝ ዞርኩ። ባለቤቴ ነው። ዓይኑን ጨፍኗል።

«የትከሻው ጫፍ ላይ ያለው። አገኘሽው? ከሥሩ ጉድጓድ አለ አይደል? የክንዱ አጥንት፣ የሁመረስ ራስ፣ እዚያ ነበር መሆን ያለበት። አሁን ጣትሽን ወደ ደረቱ አምጪ። ከክላቪክል ዝቅ በይ። ኮራኮይድ የሚባለው ጉጥ ሥር ተሸጉጧል፤ እንቁላል ያህላል።»

አገኘሁት። እውነትም እንቁላል ያህላል።

«ክርኑን እጠፊና ከጎኑ ጋር አጣብቂ፤ አንድ እጅሽ እዚያ ይሁን። በሌላው ራዲየስንና አልናን ከአንጓው በላይ አንድ ላይ ያዢ። አትሳቢ። በር እንደምትከፍቺ ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ አዙሪ። ሲያመው ቁሚ፣ ሲለቀው ቀጥዪ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ቃል በአንድ ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ማዞር ጀመርኩ። ሰውዬው ግን ጥርሱን ነክሶ ትከሻውን እንደ ድንጋይ አጠነከረብኝ። ወሬ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ለወሬ ትንፋሽ የለኝም። ባለቤቴን በዓይኔ ለመንኩት።

«ሚስት አለህ?» አለው ሰውዬውን።

«አለችኝ ጋሼ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ወሬው ይኸው ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ክፉ ወሬኛ ያለ አይመስለኝም። ትንሽ አሰበና «አይዞህ» አለው። «እሷም ትከሻ ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነው።»

«ምን?!» ብሎ ሰውዬው ዓይኑን አፍጥጦ ወደኔ ሲዞር፣ እጄ ሥር ያ እንቁላል ተንሸራቶ ቤቱ ገባ። ጉብ ሲል በመዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። ሰውዬው ክንዱን አንስቶ አየው፣ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ተቆጣጣሪው ወደ ባለቤቴ ዞረ። «እርስዎ ፈተናው ላይ ዜሮ ነው ያገኙት።»

«አዎ።»

«ሁሉንም ያውቁታል እኮ!»

«ጊዜ አልነበረኝም።»

ወጣቱ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ለዚህ ዓይነት መልስ የተዘጋጀ ቦታ ቅጹ ላይ ያለ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ባለፈቃዷ በሚገባ እንደምትሠራ ጻፈ፣ ረዳቱ ሕመምተኛ እንዳይነካ ብሎ አሰመረበት፣ እየተመላለስኩ አያለሁ ብሎን ሄደ። ቃሉን ጠበቀ፤ በዚያው ወር ብቻ አራት ጊዜ መጣ። ስለዚህ ማጭበርበሩ ቀረ። ባለቤቴ ወንበሬ ላይ፣ እኔ በርጩማው ላይ ሆንን።

ጫኝና አውራጁ ገበያውን ሁሉ ዞሮ አወራልኝ። ሴትዮዋ እጇ ለስላሳ ነው፣ የተማረች ናት፣ ወረቀት አላት። በሁለት ወር ውስጥ ከድሮው የሚበልጥ ሰው መጣ። አንድ ቀን እግሩ ወለም ያለው ጎረምሳ ባለቤቴን «ጋሼ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ፣ ሐኪሟን ልያት» አለው። ይህን እጅ ነው ዘወር በል የሚለው፤ የዚህ ልጅ አባት በሁለት እግሩ የሚሄደው በዚህ እጅ ነው። መቆጣት ነበረብኝ። ግን የአፌን ሳይሆን የልቤን ልናገርና፣ ሐኪሟ ሲለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣች። አልተቆጣሁም። «ና የኔ ልጅ፣ እግርህን ዘርጋ» አልኩት።

ባለቤቴም ወሬ ለመደ። መጀመሪያ የአየሩን ሁኔታ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ቀስ በቀስ ቀልድ ጨመረበት፣ ሐሜትም ነካካ። አሁን የሰፈሩን ወሬ የምሰማው ከሱ ሆኗል። እኔ ግን እጄ የሚነግረኝን ለመስማት ዝም ማለት ስላለብኝ፣ ጎረቤቶቼ ምን ነካሽ እያሉ ማንኳኳት ጀመሩ። በጣቶቼ ማወቅ ጀምሬ ነበር። እሱ ተጫዋች ሆነ፣ እኔ ባለሙያ ሆንኩ፣ ቤቱም አልታሸገም፤ ምን ጎደለን አልኩ።

የጎደለውን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ሰው ከሄደ በኋላ የተጠቀለለ ፋሻ ይፈታና መልሶ ይጠቀልላል። ቀርከሃ ይሰነጥቃል፣ ይልጋል፤ የማንፈልገው ቀርከሃ ጥግ ላይ ወገቤ ድረስ ተከምሯል። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለው እጁን አይዘረጋም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ያ ስንቱን ያቀና እጅ አመድ አፋሽ ሆኖ ኪስ ውስጥ ገባ። ይህን ሁሉ አየሁ፣ ነገ አነጋግረዋለሁ አልኩ፣ ነገ ደግሞ ሰው በዛ።

ባለፈው ሳምንት የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር አበጠ። ስስብ፣ ሳዞር፣ ሳሽ የከረምኩበት እጅ ነው። ለሁለት ቀን ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ሰው ሸኝተን በሩን እንደዘጋን፣ ገና ፀሐይ በመስኮት እየገባ፣ የውሃውን ማሰሮ ላነሳ ስል ከእጄ ወደቀ። ባለቤቴ አየኝ። በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እጄን አየው። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ እንደዘረጋ ቀረ።

«ልንካው?» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ «ፈቃድ አለህ?» ልለው አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ አጥንት አስፈቅዶ ነክቶ አያውቅም፤ ሰው ያመመውን ተናግሮ ሳይጨርስ እጁ ነበር ቀድሞ የሚደርሰው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት እኔን ሲያገባ እንኳ የጠየቀው አባቴን እንጂ እኔን አልነበረም። አሁን የገዛ ሚስቱን እጅ ለመንካት እንደ ተማሪ መልስ ይጠብቃል።

«ልንካው ወይ?» አለ ደግሞ።

እጄን መዳፎቹ ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹ ገና አንጓዬ ላይ ሳይደርሱ እንባዬ ወረደ።

«አመመሽ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«በጣም» አልኩት።